ስድሳ አራት ቅጠል ወረቀት

ከልደት በኋላ በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ ሰባት ዓመት፣ የመከሩ ወር በገባ በሦስተኛው ማክሰኞ፣ የሽመና ፋብሪካው ሠራተኞች በጉምሩኩ አደባባይ ከቆሙ ሦስተኛ ቀናቸውን ይዘው ነበር። ወንዙ በላይኛው አገር ዝናብ ደፍርሶ ከድልድዩ ሥር እየተጋፋ ይወርዳል፤ የፋብሪካው ረጅም ጭስ ማውጫ ከተገነባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጭስ ቆሟል፤ ከሥሩ ሁለት ሺህ የሚያህል ሕዝብ፣ ወንዱም ሴቱም፣ የሥራው ሰዓት ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ሁለት ዝቅ እንዲልለት የአገረ ገዢውን መልስ ይጠብቃል። መልሱም በዚያ ጧት መጣ፤ በወረቀት ሳይሆን በእግር መጣ፤ አንድ መቶ የእግረኛ ወታደርና በፈረስ የተቀመጠ አንድ ሻምበል ከጦር ሰፈሩ ወርደው በጉምሩኩ ደጃፍ ተሰለፉ።

ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ፣ በመስኮት አጠገብ፣ ብሩሿን እንደ ያዘች ይህን ሁሉ ቁልቁል የምታይ አንዲት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት ነው፤ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ቢኖርም በእሱ የሚጠራት አልነበረም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እግሯ አንድ ቦታ ስለማይረጋ ሁሉም እንዝርት ይላታል። የምትሠራበት ቤት መጫወቻ የሚሠራበት ቤት ነው፤ ከመጫወቻዎቹም ሁሉ በዚያ ዓመት የመኳንንቱንና የነጋዴውን ቤት ያጥለቀለቀው የሚሮጥ ሥዕል የተባለው ነበር። ይኸውም አናቱ ክፍት የሆነ፣ ዙሪያውን በቀጫጭን ስንጥቆች የተተለተለ የቆርቆሮ ከበሮ ነው፤ በውስጡ አሥራ ሁለት ሥዕል በተራ የተሣለበት ረጅም ወረቀት ይጠመጠማል፤ ከበሮውን አሽከርክሮ በስንጥቁ የተመለከተ ሰው፣ አሥራ ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ነፍስ ሆነው ሲንቀሳቀሱ ያያል። ፈረሱ አጥሩን ይዘላል፤ ሰካራሙ ቆቡን ጥሎ ያነሣል፤ እንደ ገና ይጥላል።

እነዚህን ሥዕሎች የምትሥለው እንዝርት ነበረች፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ ሳትከፋፍለው አታልፍም። የቤቱ ጌታ አንድ ጊዜ ቢያስነጥሱ፣ «ስድስት» አለቻቸው፤ አፍንጫው ሲሸበሸብ አንድ፣ ዓይን ሲጨፈን ሁለት እያለች ቆጥራ። ሽማግሌው እየሳቁ፣ «ልጄ፣ እኔ ስሞትም ቁጠሪኝ» አሏት።

በዚያ ማክሰኞም ያየችውን ቆጠረች። አንድ፣ የሻምበሉ ቀኝ እጅ ከልጓሙ ተለየ፤ ሁለት፣ ነጩ ጓንት ከቆቡ በላይ ወጣ፤ ሦስት፣ እጁ ወረደ፤ አራት፣ የፊተኛው ረድፍ ጢስ ተፋ። ቅርጫት ያንጠለጠለች አንዲት ሴት ክሯ እንደ ተበጠሰ አሻንጉሊት ባለችበት እጥፍ ብላ ወደቀች፤ ከጎኗ የቆመ ሌላ ሰው ተከተላት። ሕዝቡ ድንጋይ ማንሣት የጀመረው ይሄኔ ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ያነሣውን ወጣት ደግሞ እንዝርት በሸሚዙ ሳይሆን በአጎነባበሱ ለየችው፤ ታናሽ ወንድሟ ነበር። እሱም ከፋብሪካው ሸማኔዎች አንዱ ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሰባት ሬሳ በጉምሩኩ መጋዘን ተጋድሞ፣ ዘጠኝ ሰው በሰንሰለት ታስሮ ነበር። በማግሥቱም በየማዕዘኑ ዐዋጅ ተለጠፈ። ዐዋጁ እንዲህ ይል ነበር፤ ሕዝቡ አስቀድሞ ድንጋይ በመወርወር የአንድ ዐሥር አለቃ ግንባር ስለ ፈነከተ፣ ወታደሮቹ ነፍሳቸውን ለማዳን ያለ ማንም ትእዛዝ ተኮሱ፤ የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረው ሸማኔም ተይዟልና የሰባቱ ሰው ደም በራሱ ላይ ነው፤ ቅጣቱም ስቅላት ነው።

እንዝርት ዐዋጁን አንብባ ስትጨርስ ወደ ነገረ ፈጁ ቤት ስትሮጥ ሄደች። ነገረ ፈጁ ለድሆች በነጻ የሚቆም፣ ኮቱ የነተበ፣ ልቡ ደግ የሆነ ሰው ነበር።

«አይዞሽ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አላት።

«እስኪጠራ ወንድሜን ይሰቅሉታላ፣ ጌታዬ!»

ነገረ ፈጁ አንገቱን ደፋ። «ሁለት ሺህ ሰው ነበረ። የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው ፍለጋ ከትናንት ጀምሮ ዞርኩ። ሁሉም ‹በዚያች ሰዓት ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር› ይላል። ሁለት ሺህ ጀርባ! በዚህ ከተማ ፊት ያለው ሰው የለም።»

«እኔ አይቻለሁ። ከመስኮት ሆኜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ።»

«አንቺ እህቱ ነሽ። የእህት ቃል እንባ ነው ብለው ያልፉታል።»

እንዝርት በክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ተመላለሰችና ቆመች። «እንግዲያው አልናገርም» አለች፤ «አሳያቸዋለሁ።»

የቤቱ ጌታ ሐሳቧን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «በዳኛ ፊት መጫወቻ ይዘሽ ልትቀርቢ ነው? ይስቁብሻል እኮ ልጄ።»

«ይሳቁ፤ ብቻ ይዩት።»

ሽማግሌው ብዙ አላሰቡም፤ ከመደርደሪያው ትልቁን ከበሮ አወረዱና አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው ከፊቷ አኖሩላት።

ሁለት ቀን ሣለች። በሁለተኛው ቀን እናቷ ሊጠይቋት ወደ ፎቁ ወጡ፤ ልጃቸው ከታሰረ ወዲህ እህል በአፋቸው ያልዞረ፣ ከስተው የቀሚሳቸው ትከሻ የወረደ እናት ነበሩ። በጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ረጅም ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ አዩት፤ እጁ ሲነሣ፣ ሲወርድ፣ ጢሱ ሲወጣ፣ ሴትዮዋ ስትወድቅ። ከዚያ ጣታቸው ባዶ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይቺ ባዶ የማን ናት?»

እንዝርት ብሩሿን በውኃ ታጥብ ጀመር።

«የእሱ ናት አይደል?» አሉ እናቷ። «ባዶ ትሁን ልጄ። ሌላ ሰው ሣይበት። ፊት የሌለው ሰው ሣይበት። ወረወረ የሚሉት ጠላቶቹ ናቸው፤ አንቺም ወረወረ ካልሽ ምን ቀረው?»

«ወርውሯል እማዬ። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«እኔ የማውቀው ዘጠኝ ወር መሸከሜን ነው!» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ትንሽ ቆይተውም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «በራስሽ እጅ እንዳትሰቅይብኝ» አሏት።

ይህ ቃል አላስቀምጥ ስላላት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ እስር ቤቱ ሄደች። ወንድሟን በፍርግርጉ በኩል አገኘችው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጺሙ አድጎ፣ የግራ ዓይኑ በዱላ አብጦ ነበር።

«ወርውሬያለሁ፣ እትዬ» አላት ገና ሳትጠይቀው።

«አይቻለሁ።»

«ሴትዮዋ ስትወድቅ አየሁና... ድንጋዩን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። እጄ ውስጥ አገኘሁት።»

«እማዬ ከሥዕሉ አውጪው ትላለች። ነገረ ፈጁም እንዲያው ቢሆን ይሻላል ባይ ነው። አንተስ?»

ወጣቱ በፍርግርጉ ላይ ግንባሩን አስደገፈ። «እኔማ ፈሪ ነኝ። መሞት አልፈልግም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለ አንገቴ ሳስብ ነው የማድረው።» ራሱን ቀና አደረገ። «ግን እኔን ካወጣሽኝ ያቺ ሴት ወደቀች፣ ሰው ሁሉ ቆሞ አያት ማለት ነው። እንዲያ ደግሞ አልነበረም። ሣይኝ፣ እትዬ። ብቻ ጊዜውን አትሳቺ።»

ሣለችው።

ችሎቱ በሰኞ ቀን ተሰየመ። የመሐል ዳኛው በንጉሡ ማኅተም የተሾሙ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ፤ ሻምበሉ ሜዳሊያውን አንጠልጥሎ በፊተኛው ወንበር ተቀምጧል፤ ግንባሩ በጨርቅ የታሰረው ዐሥር አለቃ ከኋላው ቆሟል። ከበሮው በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በአዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሣ። ዳኛው ግን መዶሻቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ፤ ጎንበስም ብለው በስንጥቁ ተመለከቱ። ሳቁ ቆመ፤ ዳኛው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። እሱም ነገር ያወቀ፣ ምላሱ የተሳለ ሰው ነበር፤ ከበሮውን በአንድ ጣቱ አሽከርክሮ በጨዋ ፈገግታ ወደ እንዝርት ዞረ።

«እመቤት፣ ሥራሽ ድንቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እኔ ስመለከት መጀመሪያ ያየሁት ድንጋይ የሚወረውር ወጣት ነው። ቀጥሎ የሻምበሉ እጅ ይነሣል፤ ይወርዳል፤ ይተኮሳል። ልክ ነው?»

«መጀመሪያው እሱ አይደለም፣ ጌታዬ። መጀመሪያው እጁ ነው።»

«የት ተጽፏል?» አለና ከበሮውን ደግሞ አሽከረከረው። «ይህ ክብ ነው። ክብ መጀመሪያ የለውም። በድንጋዩ ብጀምር የእኛ ነገር እውነት ይሆናል፤ በእጁ ብትጀምሪ ያንቺ። ክቡር ዳኛ፣ ከዚህ መጫወቻ የተረጋገጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተከሳሹ ድንጋይ መወርወሩን የገዛ እህቱ መሰከረች።»

አዳራሹ አጉረመረመ። እንዝርት ወደ ኋላ ዞር ብትል እናቷ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ይዘው ሲወጡ አየች። ዳኛው ጉዳዩን ለአርብ ቀጠሩ፤ አርብም ፍርድ የሚነገርበት ቀን ነበር።

ወደ ሥራ ቤቷ እንዴት እንደ ተመለሰች አላወቀችም። ጠረጴዛውን እየዞረች፣ ወንበሩን እየገፋች፣ ያገኘቻቸውን ብሩሾች እያነሣች እየጣለች ተንቆራጠጠች፤ በገዛ እጄ ገመዱን አቀበልኳቸው እያለች።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ «ወለሉን ጨረስሽው።»

«ክብ መጀመሪያ የለውም አለኝ። ምን ልመልስለት? ልክ ነው እኮ!»

«ልክ ነው። የሠራነውም ለዚያ ነው፤ ሕፃናቱ እንዳያልቅባቸው።»

በጠረጴዛው ላይ፣ ሥዕሎቿን ወደ ረጅሙ ወረቀት ከመገልበጧ በፊት በትናንሽ ቅጠል ላይ የምትሞክርባቸው ቁርጥራጮች በመቆንጠጫ ተይዘው ተከምረው ነበር። ሰው ሲጨንቀው ጣቱ ሥራ ይፈልጋል፤ እሷም ክምሩን አንሥታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ቅጠሎቹን በተራ ለቀቀቻቸው፤ ደግማ ለቀቀቻቸው። በሦስተኛው ላይ፣ ባለፈው ሳምንት የሣለቻት ዘፋኝ በወረቀቱ ላይ እጇን ስትዘረጋ አየች።

ቆመች። ሽማግሌው በኋላ ሲናገሩ፣ ያቺ ሴት በሰባት ዓመት ውስጥ ፍጹም ጸጥ ብላ ስትቆም ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው ብለዋል።

«አባቴ» አለች፤ «ይሄኛው መጀመሪያ ቅጠል አለው። መጨረሻም አለው።»

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ፀሐይ ስትወጣ በመስኮቱ ተቀምጣ ፀሐይ እስክትገባ ትሥል ነበር። አሥራ ሁለት ሥዕል አይበቃም፤ በአውራ ጣት ፊት ጊዜው ሳይዘል እንዲፈስ ስድሳ አራት ቅጠል አስፈለገ። ሽማግሌው፣ ዓይናቸው ቢደክምም ጣታቸው አልደከመምና፣ ለመኳንንት ትእዛዝ ያስቀመጡትን ወፍራም ወረቀት አውጥተው እኩል በእኩል ቆራረጡላት። እሷም ወታደሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቆሙበት አሰለፈቻቸው፤ ቆብ ያደረገውን በቆቡ፣ ያጎነበሰውን በአጎነባበሱ። አርባ ስምንተኛው ቅጠል ላይ ስትደርስ ብሩሹን አስቀመጠች።

«እጅሽ ደከመ?» አሉ ሽማግሌው።

«እጄስ ደኅና ነው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። አሁን ጎንበስ ሊል ነው።»

«ብችል በዚህ ቅጠል ላይ አቆመው ነበር» ብላም በግድ ሳቀች፤ ከዚያ ብሩሹን አነሣች። ሐሙስ ማታ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሽማግሌው ስድሳ አራቱን ቅጠል በወስፌ በስተው በሰም ክር ሰፉት።

አርብ ጧት ዐቃቤ ሕጉ መዳፍ የምታህለውን መጽሐፍ ሲያይ ፈገግ አለ፤ ዳኛው በአውራ ጣታቸው ሲለቋት ግን ፈገግታው ጠፋ። ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ሦስት እስትንፋስ ያህል አይፈጅም ነበር። ዳኛው አራት ጊዜ አዩት።

«ክቡር ዳኛ» አለ ዐቃቤ ሕጉ፤ «ወረቀት የሣሉበትን ይቀበላል። ይህች ሴት ቅደም ተከተሉን እንደ ወደደች አስተካክላ መስፋቷ ይሆናል። እውነት ለመሆኑ ዋስትናው ምንድን ነው?»

ዳኛው ወደ እንዝርት ተመለከቱ። «መልሺ።»

«ክቡር ዳኛ» አለች፤ «ልዋሽ ብፈልግ ወንድሜን ባልሣልኩት ነበር።»

ዳኛው ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ፤ መጽሐፏን ወደ ዐሥር አለቃው ዘረጉ።

«አንተ እዚያ ነበርክ። ተመልከት።»

ዐሥር አለቃው የገበሬ ልጅ ነበር፤ ወፍራም ጣቱ በመጀመሪያው ሙከራ ቅጠሎቹን ሁሉ አንድ ላይ አሳለፋቸው። እንዝርት ቀረብ ብላ፣ «ጠርዙን ጫን ያድርጉና ቀስ ብለው ይልቀቁት» አለችው። ለቀቀው። ደግሞ ለቀቀው። በሦስተኛው ላይ ጣቱን በአንድ ቅጠል ላይ አቆመ።

«የምትለው አለ?» አሉ ዳኛው።

«እኔ የቆምኩት ከግራ አራተኛ ነው፣ ክቡር ዳኛ። እዚህም ከግራ አራተኛው ሰው ሲተኩስ ቆቡ ራሱ ላይ ነው።»

«ታዲያ?»

«የኔም ቆብ ስተኩስ ራሴ ላይ ነበር። የወደቀው ድንጋዩ ሲመታኝ ነው።»

ሻምበሉ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡት። «ሳትመታ ከተኮስክ ማን አዘዘህ?»

ዐሥር አለቃው ወደ ሻምበሉ አየ፤ ከዚያ ወደ ወለሉ አየ። «እጁን አይቼ ነው፣ ጌታዬ። ሁላችንም እጁን ነው የምናየው። ሥራችን እሱ ነው።»

እንግዲህ እውነት ወጣች ብሎ የሚደሰት አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። ፍርዱ በዚያው ቀን ተነበበ፤ የስቅላቱ ቅጣት ተነሣ፤ ነገር ግን በመንግሥት ወታደር ላይ ድንጋይ የወረወረ ያለ ቅጣት ሊሄድ አይገባም ተብሎ፣ ወጣቱ ሸማኔ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ ለዘጠኝ ዓመት ተላከ። ሻምበሉ ወደ ጠረፍ ምሽግ ተዛወረ፤ በአራተኛው ዓመት ሻለቃ ሆነ። ዐሥር አለቃው ማዕርጉ ተገፍፎ ከሠራዊቱ ተባረረ፤ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ የሚሉ ነበሩ፤ አልተመለሰም የሚሉም ነበሩ። መጽሐፏ በማኅተም ታሽጋ ወደ መዝገብ ቤት ገባች።

እናቷ ሁለት ዓመት አላነጋገሯትም። ባትሥይው ኖሮ በነጻ ይወጣ ነበር ብለው ያምኑ ነበር፤ እሷም ባልሥለው ኖሮ ዳኛውም ዐሥር አለቃውም ባላመኑኝ ነበር ብላ ታምን ነበር፤ ከሁለቱ ማን ልክ እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም። በሦስተኛው ዓመት እናቷ ታመው ሲያስጠሯት ሄደች፤ እጃቸውንም ይዛ ተቀመጠች፤ ስለዚያ ነገር ግን አንዳቸውም አላነሡም። እንዝርት የሚሮጥ ሥዕል መሣል ትታ ለሐኪሞች የአጥንትና የደም ሥር ሥዕል መሣል ጀመረች፤ የሞተ አካል አይንቀሳቀስም፤ ለእሷም የሚሻላት ያ ሆነ።

ወንድሟ በዘጠነኛው ዓመት ተመለሰ፤ ትከሻው ሰፍቶ፣ ደረቱ በድንጋይ ትቢያ ተጎድቶ፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣት ተቀጥቅጦ ነበር። በእህቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ሥዕሎቿን ሲያገላብጥ ቆየ።

«ያን መጽሐፍ እኮ አንድ ቀን አላየሁትም» አላት።

«ወስደውታል።»

«ደግመሽ ሣይልኛ።»

«አልችልም። አንተን እንደ ገና ድንጋይ አላስነሣህም።»

«ኧረ እኔማ ከዚያ ወዲህ ስንቱን አነሣሁ!» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ እሷም ጀርባውን እያሻሸች አብራው ሳቀች፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ሳቅ በኋላ አምስት ዓመት አብረው ኖሩ፤ አምስቱም ዓመት ደግ ነበር።

የከተማይቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ያን ማክሰኞ «የሸማኔዎች ሁከት» ብለው በሁለት መስመር አልፈውታል፤ የሥራው ሰዓት ከሃያ ዓመት በኋላ ሲቀነስም በአገረ ገዢው ቸርነት ተቀነሰ ብለው ጽፈዋል። ሠራዊቱ ሻለቃውን በወታደራዊ ሥርዓት ቀብሮታል። መዝገብ ቤቱ ወንዙ በሞላበት ክረምት ውኃ ገብቶበት፣ የበሰበሰው ወረቀት ሁሉ በአካፋ ተዝቆ ሲጣል ስድሳ አራቱ ቅጠሎችም አብረው ሄዱ። የተረፈው በብራና የተጻፈው የፍርዱ ቃል ነው፤ በእሱም ውስጥ ዳኛው ቅጣቱን ያቀለሉበትን ምክንያት ሲያስረዱ፣ «ተከሳሹ ከተኩሱ በኋላ ድንጋይ ወርውሯል» ብለው ጽፈዋል። ሰባቱ ሰዎች በምን እንደ ሞቱ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ዛሬም የሚያገኘው መልስ ያ ነው፤ «ከተኩሱ በኋላ» የሚሉት ሁለት ቃላት። ሁለቱ ቃላት በማን እጅ ሥራ እንደ ተገኙ ብራናው አይናገርም።